ቀጥሮ ማቆየት፦ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሰው ሀብት አስተዳደር ፈተና

ሀርሺን በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን የሚገኝ፣ በሐውድ ሜዳ ላይ የተዘረጋና ከሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰን የአርብቶ አደር ወረዳ ነው። በወረዳው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። አርብቶ አደሩ ለቤተሰቡና ለእንስሳቱ የሚያስፈልገውን ውኃ በአብዛኛው የሚያገኘው «ብርካ» እየተባለ ከሚጠራው፣ መሬት ተቆፍሮና ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። የብርካ ባለቤት የሚሠጋው በዝናብ መጥፋት ብቻ አይደለም። ዝናቡ በሚገባ ዘንቦ ብርካው ከሞላ በኋላም ግድግዳው ከተሰነጠቀ፣ የተጠራቀመው ውኃ ማንም ሳያየው ወደ መሬት ይሰርጋል።

በዚሁ ዞን በክልሉ ርዕሰ ከተማ የሚገኘው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በክልሉ ሁለተኛው የሆነው የቀብሪደሃር ዩኒቨርሲቲ፣ ከማዕከል ርቀው ከተቋቋሙ ሌሎች የአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጋር የሚጋሩት ፈተና ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ባለሙያ ፈልጎ መቅጠር አንድ ሥራ ነው፤ የተቀጠረውን ባለሙያ ማቆየት ደግሞ ከመጀመሪያው የሚከብድ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱም በአንድ ቢሮ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ፤ ይኸውም የሰው ሀብት አስተዳደር ነው።

ይህ ቢሮ በብዙ ተቋማት የሚታወቀው የቅጥር ማስታወቂያ በማውጣት፣ የግል ማህደር በማደራጀት፣ ፈቃድ በመሙላትና የመልቀቂያ ቅጽ በማዘዋወር ነው። ይሁንና አንድ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ተቋም እንደሚሆን የሚወስነው ከሕንጻው ይልቅ በውስጡ የቆየው ሰው ነው። በመሆኑም የሰው ሀብት ባለሙያው ከመዝገብ ጠባቂነት ወደ አመራር አማካሪነት ሊሸጋገር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የአንድ የሥራ ሂደት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ዩኒቨርሲቲው ለአርብቶ አደሩ ልጅ የሚሰጠው ትምህርት ጥራት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈጣን መስፋፋት ያስከተለው የሰው ኃይል ፍላጎት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት በርካታ አሥርት ዓመታት የዩኒቨርሲቲዎቹ ቁጥር እጅግ ውስን ሆኖ ቆይቷል። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ሆኖ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

በ1990ዎቹ የተጀመረው መስፋፋት ይህንን ገጽታ ለውጦታል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ከጀመሩት 13 የሁለተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ ድሬዳዋ፣ አክሱም፣ ደብረ ብርሃንና መደ ወላቡ ይገኙበታል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመሩት 11 የአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች ሲታከሉ፣ ቀብሪደሃርን ጨምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል።

መስፋፋቱ የከፍተኛ ትምህርት ፍትሐዊ ሥርጭትን በማረጋገጥ ረገድ ያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ቀደም ሲል የሀርሺን፣ የቀብሪበያህ ወይም የአውበሬ ወጣት ዲግሪ ለማግኘት ክልሉን ለቆ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ መማር ይችላል። በሌላ በኩል ግን ሕንጻ በሁለትና በሦስት ዓመት ሊጠናቀቅ ሲችል፣ አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ለማፍራት ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ የጀመሩት በአብዛኛው በረዳት ምሩቃንና በወጣት ሌክቸረሮች፣ በተወሰኑ የትምህርት ዘርፎች ደግሞ ከውጭ አገር በመጡ መምህራን እንደነበር ይታወሳል።

መንግሥት ይህንን ለማስተካከል በትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብሮቹ የመምህራን ስብጥር ግብ አስቀምጦ ነበር። በአራተኛው መርሐ ግብር የተቀመጠው ግብ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው መምህር እንዳይኖርና 75 በመቶው የሁለተኛ፣ 25 በመቶው ደግሞ የሦስተኛ ዲግሪ እንዲኖረው የሚያደርግ ነበር። በአምስተኛው መርሐ ግብር የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤቶች ድርሻ ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ግብ ወደ ተቋም ሲወርድ ለሰው ሀብት ባለሙያው ከባድ ስሌት ሆኖ ይመጣል። ስብጥሩን ለማሻሻል መምህራንን ለትምህርት መላክ ያስፈልጋል። መምህራን ሲላኩ ግን የማስተማሩ ሥራ በቀሩት ላይ ይከመራል። ተምረው ሲመለሱ ደግሞ የሥራ ገበያው የሚፈልጋቸው ባለሙያዎች ሆነዋል። ለትምህርት የሚላክ ሠራተኛ ተመልሶ እንዲያገለግል ውል ይገባል፤ ውሉ የሚያስገድደው ግን ለተወሰኑ ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ እንዲቆይ የሚያደርገው የሥራ አካባቢው፣ አመራሩና የወደፊት ተስፋው ነው።

አንድ ቢሮ፣ ብዙ ሕግ

የዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ባለሙያ ከሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቻው የሚለየው በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ በተለያዩ ሕጎች የሚተዳደሩ ሠራተኞችን የሚያስተናግድ በመሆኑ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛው ቅጥር፣ ዕድገት፣ ዝውውርና ዲሲፕሊን የሚመራው በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በቁጥር 515፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 1064 ተሻሽሎ የወጣ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. እንደገና በአዲስ ተተክቷል። መምህሩና ተመራማሪው በበኩሉ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ይተዳደራል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም እንዲሁ ከቁጥር 351/1995 ወደ 650/2001፣ ከዚያም ወደ 1152/2011 ተሸጋግሯል።

የሕክምና ትምህርት በሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ወገን ይታከላል። ለምሳሌ በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ሥራቸው የ24 ሰዓት ነው። የተረኝነት መርሐ ግብሩና የትርፍ ሰዓት ክፍያው ከቢሮ ሠራተኛው የተለየ ስሌት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የምግብ ቤት ሠራተኞች፣ የጥበቃ አባላት፣ ሾፌሮች፣ የቤተ መጻሕፍትና የተማሪዎች መኖሪያ ሠራተኞች አሉ።

በዚህ የተነሳ በአንድ ኮሪደር የሚገናኙ ሁለት ሠራተኞች፣ አንዱ የምርምር ጽሑፍ በማሳተም ማዕረግ ሲያድግ፣ ሌላው ክፍት የሥራ መደብ እስኪገኝ ዓመታት ይጠብቃል። ለመምህሩ የቤት አበል ወይም መኖሪያ ሲታሰብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው አይታሰብለትም። ልዩነቱ ሕጋዊ መሠረት ያለው ቢሆንም፣ ምክንያቱ በግልጽ ካልተነገረ ቅሬታ ይወልዳል። ቅሬታውም የሚቀርበው ሕጉን ላወጣው አካል ሳይሆን ደብዳቤውን ለፈረመው የሰው ሀብት ኃላፊ ነው።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም በየጊዜው ተለዋውጠዋል። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱን ችሎ ተቋቁሞ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲመራ ከቆየ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል። የሲቪል ሰርቪሱ የበላይ አካልም ከሚኒስቴርነት ወደ ኮሚሽንነት ተሸጋግሯል። እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ የሪፖርት አቀራረብና አዲስ መመሪያ ይዞ ይመጣል። ለአዲስ አበባ ባለሙያ ማብራሪያ ለመጠየቅ በአንድ ታክሲ መሄድ ይበቃዋል። ለጅግጅጋው ግን የአንድ ደብዳቤ ትርጓሜ የብዙ ቀናት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

የማሻሻያ መርሐ ግብሮቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ የውጤት ተኮር ሥርዓት፣ የለውጥ ሠራዊት ግንባታ፣ ካይዘን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን በተከታታይ ተተግብረዋል። የቢሮው መጠሪያም ከሠራተኛ አስተዳደር ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ሰው ሀብት ልማት፣ በቅርቡም ወደ ብቃትና የሰው ሀብት አስተዳደር ተለውጧል። በስያሜው ውስጥ የገባው ብቃት የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ባለሙያው ማህደር ከማገላበጥ አልፎ ማን ምን እንደሚችል፣ ማን ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገውና ማን ሊለቅ እንደሚችል ለይቶ ለአመራሩ ማቅረብ ሲችል ነው።

የደመወዝና የውድድር ጉዳይ

ሠራተኛ ከተቋም ለመልቀቁ ቀዳሚ ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው ደመወዝ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሱት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ በበርካታ ተቋማት ሥራ እስከ ማቆም ደርሶ እንደነበር ይታወሳል። ከ2016 ዓ.ም. የማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ በኋላ መንግሥት በመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ሁለት ማስተካከያዎችን አድርጓል።

የማስተካከያዎቹ ይዘት ከሰው ሀብት አስተዳደር አንጻር በቅርበት ሊታይ የሚገባው ነው። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ብር ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር ከፍ ብሏል። ይህም ማለት የታችኛው ተከፋይ ደመወዝ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲጨምር የላይኛው የጨመረው በ5 በመቶ ነው። ዓላማው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሠራተኛ ከኑሮ ውድነት መታደግ በመሆኑ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በከፍተኛና በዝቅተኛ ተከፋይ መካከል የነበረው ልዩነት ከ13 እጥፍ በላይ ከነበረበት ወደ 4 ነጥብ 5 እጥፍ በመጥበቡ፣ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለውን ባለሙያ የማቆየቱ ሥራ ይበልጥ ከብዷል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ሁለተኛው ማስተካከያ ደግሞ ዝቅተኛውን ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻውን ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛውን ወደ 39,000 ብር አሳድጎታል። በዚህም የላይኛው ደረጃ ከ80 በመቶ በላይ ጭማሪ አግኝቷል፤ ልዩነቱም ወደ 6 ነጥብ 5 እጥፍ ተመልሷል። ውሳኔው ለሙያና ለልምድ የተሰጠውን ዋጋ በከፊል የመለሰ ሲሆን፣ ለተቋማት ባለሙያ የማቆየት ዕድል ሰጥቷል።

ሆኖም የደመወዝ ስኬሉ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ነው። የጅግጅጋና የአካባቢዋ የሥራ ገበያ ግን የራሱ ባሕርይ አለው። አካባቢው ለአሥርት ዓመታት የስደተኞች መጠለያ ሆኖ ቆይቷል። በ1980 ዓ.ም. የተቋቋመውና በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ የነበረው ሀርትሼክ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆይቶ ተዘግቷል። ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ከዚያ በኋላም ስደተኞችን ተቀብለው አስተናግደዋል። በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ተቋማትና ዓለም አቀፍ የረድኤት ድርጅቶች በጅግጅጋ ቢሮ ከፍተዋል። እነዚህ ድርጅቶች የሚፈልጉት ሰው ዩኒቨርሲቲውም የሚፈልገው ነው፤ ይኸውም የሶማሊኛ፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚችል፣ ሪፖርት መጻፍ የሚያውቅ፣ በሒሳብ፣ በጤና፣ በውኃ ወይም በእንስሳት ሀብት የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የድንበር ንግዱ አለ። ከሐውድ ሜዳ የሚነሱ ፍየሎች፣ በጎችና ግመሎች ወደ በርበራ ወደብ የሚሄዱበት የንግድ መስመር ለዘመናት የቆየ ነው። በቶጎ ውጫሌና በሌሎች የድንበር ገበያዎች የሚንቀሳቀስ ወጣት በአንድ ጥሩ የገበያ ቀን የሚያገኘው ትርፍ የወር ደመወዙን ሊያስረሳው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ዩኒቨርሲቲው በገንዘብ ብቻ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ አይችልም። ሊያቀርብ የሚችለው የተረጋጋ ሥራ፣ የጡረታ ዋስትና፣ የመማር ዕድልና የሙያ ክብር ነው። እነዚህን በአግባቡ ማደራጀትና ለሠራተኛው ማሳወቅ የሰው ሀብት ባለሙያው ተግባር ነው።

ከሌላ አካባቢ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ ከደመወዝ ጋር ደኅንነቱንና የቤተሰቡን ሁኔታ ይመዝናል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች በደረሰው ሁከት የሰው ሕይወት መጥፋቱ፣ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውና በርካታ ነዋሪዎች መፈናቀላቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ክልሉ በአንጻራዊነት ተረጋግቷል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ክስተት በሠራተኛ አእምሮ ውስጥ ጥሎት የሚያልፈው ሥጋት በማስታወቂያ አይጠፋም። አዲስ ሠራተኛ በሚገባበት ጊዜ መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ መርዳት፣ ከአካባቢው ማኅበረሰብና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ማስተዋወቅ፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ማመላከት አነስተኛ የሚመስሉ ግን ሰውን የሚያቆዩ ተግባራት ናቸው።

የአካባቢው ወጣትና የቅጥር በር

ከሀርሺን ወጥቶ በዲግሪ የተመረቀ ወጣት በፌዴራል ተቋም ለመቀጠር ሲሞክር የሚገጥመው የመጀመሪያው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የተማረው በሶማሊኛ፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ተቋማት ደብዳቤ፣ መመሪያና ቃለ ጉባኤ ግን በአማርኛ ይጻፋል። የሒሳብ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተወዳዳሪ የአማርኛ ደብዳቤ በመጻፍ ረገድ ሊቸገር ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ሶማሊኛን ጨምሮ ተጨማሪ አራት ቋንቋዎች የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። አፈጻጸሙ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም፣ የሥራ መደቡ በእርግጥ የሚጠይቀው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ፈተናውን በዚያው መሠረት ማዘጋጀት በተቋም ደረጃ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በአንጻራዊነት አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት በቅጥርና በዕድገት ቅድሚያ እንዲሰጥ ሲደነግጉ ቆይተዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም የብሔር ብሔረሰቦችን ብዝኃነትና አካታችነት ትኩረት ሰጥቶታል። ድንጋጌው የተወዳዳሪዎች ውጤት ሲቀራረብ የሚሠራ እንጂ ውድድርን የሚተካ አይደለም። የሰው ሀብት ባለሙያው ሚዛኑን የሚጠብቀው እዚህ ላይ ነው። ልዩ ድጋፉን ካልተጠቀመበት የአካባቢው ወጣት ከደጅ ይቀራል። ያለ አግባብ ከተጠቀመበት ደግሞ በችሎታው የተቀጠረውም ሰው ጭምር በጥርጣሬ ዓይን ይታያል።

በክልሉ ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ ጎሳ ጠንካራ የመረዳጃ ሥርዓት ነው። በድርቅ ጊዜ ግመል የሚካፈለው፣ ደም ሲፈስ ጉማ የሚያዋጣው፣ የታመመውን የሚያሳክመው ይኸው ሥርዓት ነው። አንድ የጎሳ አባል በኃላፊነት ላይ ሲቀመጥ ዘመዶቹ እንዲያስቀጥራቸው መጠየቃቸው ከዚሁ የመረዳዳት ባህል የመነጨ ነው። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም በአገር ልጅነት፣ በዝምድናና በትውውቅ ስም ተመሳሳይ ጫና አለ። ጫናውን የሚቋቋመው የአንድ ሰው ጥንካሬ ሳይሆን ግልጽ አሠራር ነው። የፈተና ወረቀት በኮድ ከታረመ፣ ውጤት በሰሌዳ ከተለጠፈ፣ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በተወሰነ ጊዜ መልስ ከሰጠ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው ለዘመዱም ለአለቃውም የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

የሴቶች ሁኔታም ልዩ ትኩረት ይሻል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 በድምሩ 120 ቀናት ያደረገ ሲሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁም ደንግጓል። ከቤተሰቧ ርቃ ለምትሠራ ሴት መምህርት እናት ወይም እህት በቅርብ ስለማትገኝ፣ የሕፃናት ማቆያ መኖርና አለመኖር ሥራዋን የመቀጠልና የማቆም ያህል ክብደት አለው። በብዙ ተቋማት የሴቶች የአመራር ድርሻ ዝቅተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያትም በዚህ ዕድሜ ላይ ብዙዎች ከሥራ መስመር ስለሚወጡ ነው።

አመራሩና ባለሙያው

የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችና ምክትል ፕሬዚዳንቶች በአብዛኛው ከመምህርነት የሚመጡ ምሁራን ናቸው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ቦታው በውድድር እንዲያዝ የተጀመረው አሠራር መልካም እርምጃ ነው። ይሁንና ምርጥ ተመራማሪ መሆን በራሱ ሠራተኛ ማስተዳደርን አያስተምርም። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ወይም ዲን ሆኖ የተመደበ መምህር የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዴት እንደሚሞላ፣ የዲሲፕሊን ክስ በምን ሥርዓት እንደሚታይ፣ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዴት እንደሚገመገም ሥልጠና ሳያገኝ ወደ ሥራ ይገባል። ሁሉም ሠራተኛ ተመሳሳይ ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኝበት ምዘና ጎበዙን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ደካማውንም አያስተምርም። ሥነ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የተወሰደ የቅጣት እርምጃም በአስተዳደር ፍርድ ቤት ሲሻር ተቋሙን ለወጪ፣ አመራሩን ለትዝብት ይዳርጋል።

ከዚህም ባሻገር የኃላፊነት ቦታዎች ለረጅም ጊዜ በተጠባባቂነትና በውክልና መያዛቸው ሌላው ችግር ነው። በውክልና የተቀመጠ ኃላፊ ከባድ ውሳኔ ለመወሰን ይቸገራል። የበታች ሠራተኛውም ነገ ማን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ውሳኔውን በሙሉ ልብ አይቀበልም። የሰው ሀብት ባለሙያው በማኔጅመንት ስብሰባ የሚጠራው ቅጥር ሲፈለግ ወይም ክስ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ችግሩ ከመድረሱ በፊት የሚናገርበት መድረክ አይኖረውም።

የሠራተኛ ፍልሰት እንደ ውኃ እያሳሳቀ የሚወስድ ነው። በአንድ ሴሚስተር አንድ መምህር ቢለቅ ኮርሱ ለሌላ ይሰጣል። ሁለተኛው ሲለቅ ኮርሱ ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር ይተላለፋል። ሦስተኛው ሲለቅ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብሩ አማካሪ ያጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ የተሞላው የመልቀቂያ ቅጽ ትክክል ነው፤ ማህደሩም የተሟላ ነው። ሦስቱን ማህደሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትምህርት ክፍሉ አደጋ ላይ መሆኑን የሚናገር ባለሙያ ግን አይኖርም። ሠራተኛው ሲለቅ ምክንያቱን መጠየቅ፣ መልሱን መመዝገብና በየዓመቱ ተንትኖ ለሥራ አመራር ቦርድ ማቅረብ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው።

አዳዲስ ሁኔታዎች

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ፈተና ታይቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ.ም. 8 ነጥብ 4 በመቶ ሆነዋል። በዚህም ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚገባው ተማሪ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብርም ክፍተቱን በከፊል ለመሙላት ተጀምሯል።

ለሰው ሀብት አስተዳደር ይህ ማለት በአንዳንድ ትምህርት ክፍሎች መምህር ሲጠፋ፣ በሌሎች ተማሪ መጥፋቱ ነው። የሚያስተምረው ተማሪ ያጣ መምህር ወደ ምርምር፣ ወደ ማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም ወደ አቅም ማሻሻያ ትምህርት ሊዞር ይችላል። በሐውድ ሜዳ የግጦሽ መሬት አያያዝ፣ የብርካ ውኃ ንጽሕና፣ የእንስሳት በሽታና የድንበር ንግድ ምርምር የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸው። ሠራተኛን ከትርፍነት ወደ ጥቅም ለማዞር ግን የእያንዳንዱን ሙያና ዝንባሌ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነትም በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝ ተቋም ሠራተኛውን በራሱ ደንብ የመቅጠር፣ የመመደብና የመክፈል ሰፊ ነጻነት ይኖረዋል። ከማዕከል ለራቁ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ለአካባቢያቸው የሚስማማ የማበረታቻ ሥርዓት ለመዘርጋት ያስችላቸዋል። በሌላ በኩል የተሻለ ገቢ ያላቸው የማዕከል ተቋማት የተሻለ ከከፈሉ፣ ባለሙያው ወደዚያ የሚሄድበት መንገድ ይሰፋል።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ሶማሊኛ ተናጋሪ አካባቢዎች የታየው ሁኔታ ለዚህ ክልል ቅርብ ምሳሌ ነው። በ2007 ዓ.ም. በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ በተፈጸመው የሽብር ጥቃት ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ተገድለዋል። በ2010 እና በ2012 ዓ.ም. በመምህራን ላይ ጥቃት ከተፈጸመ በኋላም የአገሪቱ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የአካባቢው ተወላጅ ያልሆኑ መምህራንን ወደ ሌሎች አካባቢዎች አዘዋውሯል። ትምህርት ቤቶቹ ለዓመታት በራሳቸው ልጆች ያልተተኩ በመሆናቸው ብዙ ክፍሎች ያለ መምህር ቀሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ አስፈላጊ መሆኑን ሳይዘነጉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአካባቢው ተተኪ ማፍራት እንደሚገባ ነው።

ኖርዌይ ደግሞ ሩቅ ሰሜናዊ ግዛቷ በሆነው ፊንማርክና በአጎራባቹ አካባቢ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ምሩቃን ከ1982 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የትምህርት ብድራቸው በየዓመቱ እንዲቀነስላቸው አድርጋለች። ማበረታቻው በመምጣት ሳይሆን በመቆየት የሚገኝ መሆኑ ልዩ ያደርገዋል። በኢትዮጵያም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት አለ። በሩቅ አካባቢ ያገለገለ ምሩቅ ዕዳው በአገልግሎት ዘመኑ ልክ እንዲቀነስለት ማድረግ በፖሊሲ ደረጃ ሊጠና የሚችል አማራጭ ነው።

ማጠቃለያ

በጅግጅጋና በአካባቢዋ ያለው የከፍተኛ ትምህርት የሰው ሀብት ፈተና በአንድ ውሳኔ የሚፈታ አይደለም። የደመወዝና የአበል ጉዳይ የፌዴራል መንግሥት፣ የቦታና የመኖሪያ ቤት አቅርቦት የክልሉና የከተማ አስተዳደሩ፣ የሥራ አካባቢው ምቹነት ደግሞ የተቋሙ ኃላፊነት ነው። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን እየጠበቀ ከቆየ ባለሙያው አይጠብቅም።

በተቋም ደረጃ ዛሬውኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ተግባራት አሉ። የሰው ሀብት ኃላፊው የማኔጅመንቱ ቋሚ ተሳታፊ ቢሆን፣ አዲስ ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሠራተኛ አስተዳደር ሥልጠና ቢያገኙ፣ የቅጥር ውጤት በይፋ ቢለጠፍ፣ የትምህርት ዕድል አሰጣጡ የአካባቢውን ተወላጅና ለዓመታት የቆየውን ሠራተኛ ቢያበረታታ፣ የለቀቁ ሠራተኞች ምክንያት በየዓመቱ ቢተነተን ለውጡ ብዙ ሳይቆይ ይታያል። ለሰው ሀብት ባለሙያው ራሱም የሙያ ማሻሻያ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ለሁሉም የትምህርት ዕድል የሚያመቻቸው ቢሮ ሠራተኞች በብዙ ተቋማት ለራሳቸው የመጨረሻ ተሰላፊ ናቸው።

የሀርሺን አርብቶ አደር ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ብርካውን ወርዶ ይፈትሻል፤ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ይደፍናል፤ የገባውን ደለል ያወጣል። ከዘነበ በኋላ የሚደረግ ጥገና ለዚያ ዓመት እንደማይጠቅመው ያውቃል። ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከው ይህ አርብቶ አደር፣ ልጁ ክፍል ሲገባ መምህር ቆሞ እንዲያገኘው ይጠብቃል። ይህን የሚያረጋግጡት የዩኒቨርሲቲዎቹ አመራሮችና የሰው ሀብት ባለሙያዎች የዛሬ ጥንቃቄ ነው።